ነቀፌታው ለማን ይገባል?

ነውርን መንቀፍ የጨዋ ሕዝብ ልማድ ነው፤ ነቀፌታ ሚዛኑን የሳተ እንደ ሆነ ግን ራሱ ሌላ ነውር ይሆናል። ይህን ለማለት ያበቃን ገና በልጅነታቸው እናት ስለሚሆኑት ልጃገረዶች በየአደባባዩና በየቤቱ የሚሰማው ንግግር ነው።

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ድንኳን ተተክሎ፥ ጠጅ ተጥሎ፥ ሽማግሌ መርቆ የተዳረች እንደ ሆነ በዓመቱ ስትወልድ እልልታው ይቀልጣል። እኩያዋ የሆነችው የጎረቤት ልጅ ያለ ሠርግ የወለደች እንደ ሆነ ግን ደጁ ይዘጋባታል፤ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ ልጇም ዲቃላ ይባላል። የሁለቱም አጥንት ገና አልጠናም፤ ምጥም ሠርግ መደገሱን አይጠይቅም። ዳሌ ሳይሰፋ የሚመጣ ምጥ ቀናት የፈጀ እንደ ሆነ ሕፃኑን ሊገድል፥ እናቲቱንም ሽንት ለማያስቋጥረው ለፊስቱላ ሕመም ሊዳርግ ይችላል። በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ የመጡት ሐኪሞች ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በኋላ ለዚሁ ሕመም የተለየ ሆስፒታል እስከ ማቋቋም ደርሰዋል።

በትርጉም ሥራ ላይ የዋለ ሰው ቃልን ከቃል ጋር ማመዛዘን ልማዱ ነውና አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። ላልተዳረችው እናት ስድብ አይታጣላትም፤ ለልጇም ስም ወጥቶለታል። ያስረገዛት ጎልማሳ ግን በሰፈሩ ወሬ ውስጥ አይነሣም፤ ቢነሣም «ወጣትነት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ሕግ ወደ ቅንነት የደረሰው ቀስ በቀስ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ለወንድ 18፥ ለሴት 15 ዓመትን የጋብቻ ዕድሜ አድርጎ ነበር። የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 ለሁለቱም 18 አደረገው፤ በኤርትራም ወሰኑ ዛሬ 18 ነው። የ1987ቱ የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥትም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን በጋብቻ ከተወለደው ጋር እኩል መብት እንዳለው ደንግጓል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ከ15 እስከ 19 ዓመት ካሉት ሴቶች ከመቶ 13ቱ ወልደው ወይም አርግዘው ተገኝተዋል፤ ነገሩ የጥቂት ቤቶች ጉዳይ አይደለም።

«ነቀፌታውን ብናላላ ሌሎቹ ይደፍራሉ» የሚሉ አሉ። ፍርሃታቸው የወላጅ ፍርሃት ነውና አይናቅም፤ ዳሩ ግን ውጤቱ ተቃራኒ ነው። ልጅቱ ነቀፌታን ፈርታ እርግዝናዋን ስለምትደብቅ ወደ ሐኪም የምትደርሰው ዘግይታ ነው። አባትም «ሳታሳፍረኝ ልዳራት» ብሎ በልጅነቷ እንዲቸኩልባት የሚያደርገው ይኸው ፍርሃት ነው። ስለዚህ የአንደኛይቱ ውርደት ለሁለተኛይቱ ያለ ዕድሜ ጋብቻ ምክንያት ይሆናል።

እንግዲህ አስተዳዳሪ የሆነ ሁሉ ጋብቻ ሊያጸድቅ ሲጠየቅ ከሽማግሌው ስም በፊት የሙሽራይቱን ዕድሜ ይጠይቅ፤ የወለደችውም ልጅ ወደ ትምህርቷ ልትመለስ ስትመጣ በሩን አይዝጋባት። ነጋዴውም ለሕፃን ሠርግ የድግስ ዕቃ በዱቤ ከመስጠቱ በፊት ያስብበት፤ ልጅ ወልዶ የካደ ሠራተኛ ቢኖረው ቀለቡን እንዲቆርጥ ይምከረው። አባቱም እንደ እናቲቱ ገና ልጅ የሆነ እንደ ሆነ ሁለቱም ምክርና ትምህርት እንጂ ስድብ አያሻቸውም። ነቀፌታ መቅረት የለበትም፤ በዕድሜ ታላቅ ሆኖ ሳለ ወደ በደለው ሰው ግን ይዙር።