የአለቃው ዛር
ሳሪስ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ ፈረቃ የሚመራ ሰው የአመራር ሥልጠና ወስዶ በማግስቱ ሠራተኛ ላይ ቢጮህ አይገርመኝም። ሥልጠናው የሚያናግረው አውቆ የሚሠራውን ሰውዬ ነው፤ የሚጮኸው ግን ውስጡ የተደበቀው ሌላው ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ካርል ዩንግ ይህን የተገፋ ወገናችንን "ጥላ" ይለዋል፤ ባለቤቱ ካላወቀው ሌላ ሰው ላይ ይለጠፋል፣ የአለቃው ፍርሃት የሠራተኛው ስንፍና መስሎ ይታያል። ጎንደሮች ግን ዩንግን አልጠበቁም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ በ1932 እ.ኤ.አ. እዚያ ባጠናው የዛር ሥርዓት፣ ዛሩ ማንነቱንና የሚፈልገውን ይጠየቃል፣ ግብር ይቀርብለታል፤ በአብዛኛው ይታረቁታል እንጂ አያባርሩትም። ስለ መንፈሱ እውነትነት አልከራከርም፣ ካህናቱ ይቆጡኛል። አለቆቻችን ግን ቁጣቸውን "ምን ፈልገህ ነው?" ብለው ቢጠይቁት ከሥልጠናው ይልቅ ይጠቅማቸዋል ባይ ነኝ። ለዚህ ደግሞ በጀት አያስፈልግም፤ ከፈረቃ በኋላ ደፍሮ እውነቱን የሚነግራቸው አንድ የሥራ ባልደረባ ይበቃል።