መስመር ያልደረሰው ቤት እና የርቀት መቆጣጠሪያ

የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰበት ቤት መብራትን፣ የውሃ ፓምፕን ወይም የባትሪን ሁኔታ ከሩቅ ለመቆጣጠር ሲታሰብ፣ ቀዳሚው ጥያቄ መቆጣጠሪያው ራሱ ስንት ይበላል የሚለው ነው። 3 ዋት የሚወስድ ትንሽ ኮምፒውተር ሌት ተቀን ሲሠራ 72 ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ 3 ዋት የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ማታ ለ4 ሰዓት ቢበራ ግን 12 ብቻ ነው። አንድ ዘበኛ የስድስት መብራት ቀለብ በላ ማለት ነው። ስለዚህ ተኝቶ እየቆየ በየጥቂት ደቂቃው የሚነቃ እንደ ኢኤስፒ32 ያለ ማይክሮ ኮንትሮለር ይመረጣል። ሲተኛ የሚወስደው በማይክሮ አምፔር ይለካል፤ ሰሌዳው ላይ ያለችው ጠቋሚ መብራት ካልተነቀለች ግን ቁጠባው ከንቱ ነው።

ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን፣ ወደ ጮቄ ተራሮች አቅጣጫ ለምትገኘው ሮብ ገበያና ለአካባቢዋ የፀሐይ ኃይል ፓኔሉ የሚመጠነው በጥር ፀሐይ ሳይሆን በሐምሌ ደመና ነው። ደጋው ውርጭ አለው፤ የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ከ0 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። ስለዚህ የባትሪው ቦታ ቤት ውስጥ ነው። ለግንኙነት ኢንተርኔት ግድ አይደለም፤ አጭር የጽሑፍ መልእክት ይበቃል። መልእክቱን የሚያስተላልፈው ሞደም ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ስለሚስብ ቀጭን ሽቦ አይችለውም።

በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ሁለተኛው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም 35 በመቶውን ተጠቃሚ ከዋናው መስመር ውጭ ለማዳረስ ያቀደ ነበር። የዚህ እትም ጽሑፎች ለእንዲህ ያሉ ቤቶች የተዘጋጁ ናቸው። ሥራውን በእጃቸው ለመሞከር ያሰቡ አንባቢያን ስለ ባትሪ ከተጻፈው ይጀምሩ።