የሰውነትን ብርታት በሥርዓት ስለ መጠበቅ

ሰው ሁሉ ብርቱ ሰውነት እንዲኖረው ይመኛል፤ የሚመኘውና የሚፈጽመው ግን በቍጥር እኩል አይደለም። በኮልፌ ቀራንዮ በየሰፈሩ ወጣቶች አሮጌ ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው፣ በብረት ዘንግ ጫፍና ጫፍ ተክለው፣ በግቢያቸው ክብደት ሲያነሡ ይታያሉ። ገንዘብ ያለው ደግሞ የወር ክፍያ ከፍሎ ወደ ጂም ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው። የሚያሳዝነው በመስከረም በብዙ ጋለ ስሜት የተነሣው ክብደት በኅዳር አቧራ ለብሶ መገኘቱ ነው። ጣሳው አልጎደለም፤ ዘንጉም አልተሰበረም፤ የጎደለው ሥርዓት ነው።

ይህ ጕዳይ የጎረምሶች ብቻ እንዳይመስለን። የጡንቻ ኃይል ከጕልማሳነት በኋላ እያደር ይቀንሳል። አያት ከበርጩማ ለመነሣት የልጅ ልጅ እጅ የሚጠብቁበት፣ አባት የውኃ ጀሪካን አንሥቶ ደረጃ መውጣት የሚያቅተው፣ እናት ቅዳሴውን ቆማ ለማስፈጸም ጕልበቷ የሚከዳት ቀን ይመጣል። በ1982 ዓ.ም. በታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ በቦስተን ከተማ ሐኪሞች ዕድሜያቸው ወደ 90 ዓመት የደረሰ 10 ደካማ አረጋውያንን መርጠው ለ8 ሳምንት የእግር ክብደት አሠሯቸው። እስከ መጨረሻው የጸኑት 9ኙ የእግራቸው ኃይል በአማካይ 174 ከመቶ ጨመረ። ነገር ግን ልምምዱን ባቆሙ በ4 ሳምንት ውስጥ ከኃይላቸው 32 ከመቶ አጡ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን፤ አንደኛ፣ ለመጀመር ጊዜው ያለፈበት ሰው የለም፤ ሁለተኛ፣ ብርታት በጎተራ የሚከማች እህል አይደለም፤ ዘወትር ሊዘሩትና ሊያጭዱት ይገባል።

እንግዲህ የጽናትን ምሳሌ ለመፈለግ ከዚሁ ከሰፈራችን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። በ1954 ዓ.ም. ክረምት ኔልሰን ማንዴላ በኮልፌ በፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ሠፈር የጦር ትምህርት ተምረዋል። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 44 ዓመት ገደማ ነበረ። ስለዚሁ ጊዜ በሕይወት ታሪካቸው እንደ ገለጡት ከጧቱ 2 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት፣ ከምሳም በኋላ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ልምምድ ነበረ፤ ከዚያ እስከ ምሽት ኮሎኔል ታደሰ ብሩ የጦርን ጥበብ ያስተምሯቸው ነበር። ጠመንጃ፣ ጥይትና ጥቂት ውኃ ተሸክሞ የተወሰነውን መንገድ በተወሰነው ጊዜ መጨረስም ከትምህርቱ አንዱ ነበረ። ስድስት ወር ይቆያል ተብሎ የታሰበው ይህ ትምህርት ሳይፈጸም ወደ አገራቸው ተጠሩ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር መጨረሻም ተያዙ።

አሁን ልብ ብለን እንመልከት። በኮልፌ አሠልጣኝ ነበረ፤ ትእዛዝ ነበረ፤ አብሮ የሚሮጥ ጓድ ነበረ። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ 18 ዓመት በቆዩበት በሮበን ደሴት እስር ቤት ግን ከእነዚህ አንዱም አልነበረም። ክፍላቸው ከዳር እስከ ዳር በሦስት እርምጃ የሚያልቅ ነበር። በዚያች ጠባብ ስፍራ በወጣትነታቸው በቦክስ ስፖርት የለመዱትን ሥርዓት እንደ ገና አቆሙ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ጧት ጧት በቆሙበት ቦታ እስከ 45 ደቂቃ ይሮጣሉ፤ በጣቶቻቸው ጫፍ መሬት ተደግፈው ዛሬ ፑሽ አፕ የምንለውን 100 ጊዜ፣ በጀርባ ተኝቶ ቀና ማለትን 200 ጊዜ፣ ቁጢጥ ብሎ መነሣትን 50 ጊዜ ይሠራሉ። በቀሩት ሦስት ቀኖች ግን ያርፋሉ። በ1974 ዓ.ም. ወደ ፖልስሙር እስር ቤት ተዛውረው ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ክፍል ባደሩ ጊዜም ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነሥተው መዝለላቸውን አልተዉም፤ እንቅልፍ የሚወዱት ጓደኞቻቸው ግን በዚህ ደስ አላላቸውም። በቤታችን ማልደን የምንነሣም ለተኙት ብናስብ መልካም ነው። በ1982 ዓ.ም. በየካቲት ወር በ71 ዓመታቸው ከእስር ሲወጡ በእግራቸው ቀጥ ብለው ሲራመዱ ዓለም አየ።

የዚህ ታሪክ ቁም ነገር የቍጥሩ ብዛት አይደለም። ጀማሪ ሰው 100 ፑሽ አፕ ልሥራ ቢል በማግሥቱ ክንዱን ማንሣት ያቅተዋል፤ በሦስተኛውም ቀን ይተዋል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንዲሉ ነው። ቁም ነገሩ ቀኑ የታወቀ፣ ሰዓቱ የታወቀ፣ መጠኑ የታወቀ፣ ዕረፍቱም የታወቀ መሆኑ ነው። በየጧቱ «ዛሬ ልሥራ ወይስ ልተው?» ብሎ ከራሱ ጋር የሚሟገት ሰው አንድ ቀን መሸነፉ አይቀርም፤ ቀኑን አስቀድሞ የወሰነ ግን ሙግቱን አንድ ጊዜ ረትቶ ጨርሶታል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ አዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻውን እንዲያጠነክር ይመክራል። ለቤተ ሰባችን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ የተመቹ ናቸው፤ ሥራው 20 ደቂቃ ቢሆን ይበቃል። ከበርጩማ ላይ ያለ እጅ ድጋፍ 10 ጊዜ መነሣትና መቀመጥ፤ ግድግዳ ተደግፎ 10 ጊዜ መግፋት፤ በሁለቱ እጅ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውኃ ሞልቶ ይዞ በግቢ መመላለስ፤ ይህን ዐርፎ ሁለት ጊዜ መድገም ነው። ሲቀል ብቻ ጥቂት ይጨመር። የልብ ሕመም ወይም የደም ግፊት ያለበት፣ እርጉዝም የሆነች፣ አስቀድመው ሐኪም ይጠይቁ።

ሰዓቱን በየቀኑ ከማይቀር ነገር ጋር ማያያዝ ይረዳል፤ ለምሳሌ ከሥራ ተመልሶ ልብስ ከቀየሩ በኋላ። የተሠራበትንም ቀን በግድግዳ ቀን መቍጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። በለንደን ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው በ2001 ዓ.ም. እንደ ገለጡት አንድ አዲስ ልማድ ያለ ትግል የሚሠራ እስኪሆን በአማካይ 66 ቀን ይፈጃል፤ ለአንዱ 18 ቀን ሲበቃው ለሌላው እንደ ስሌታቸው 254 ቀን ያስፈልገዋል። አንድ ቀን መቅረት ግን ልማዱን አላፈረሰም። ስለዚህ ለቅሶ ወይም ሕመም ያስቀረው ሰው «ተበላሽቷል» ብሎ ሁሉን አይጣል፤ በሚቀጥለው ቀን ከመጠኑ ግማሽ ጀምሮ ይመለስ።

ብዙዎች ልምምዳቸውን የሚያቋርጡት ጾም ሲገባ ነው። በጾም ወራት ቀኑን ጠብቆ መጠኑን መቀነስ ይሻላል እንጂ ፈጽሞ መተው አይገባም። ልምምዱ ከማዕድ በኋላ፣ ምግቡ ከሆድ ረጋ ካለ ወዲህ ይሁን፤ ምስር፣ ሽሮ፣ ባቄላና ሽምብራ ለጡንቻ የሚሆነውን ይሰጣሉ። ስግደት ግን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ አምልኮ ነውና ከስፖርት ጋር አይቈጠር። ቅዱስ ጳውሎስም በመጀመሪያው የጢሞቴዎስ መልእክቱ የሰውነትን ልምምድ ከመንፈሳዊው በታች አደረገው እንጂ ጥቅም የለውም አላለም።

እንግዲህ የቤት አባትና እናት ሆይ፤ ለልጆቻችሁ ስለ ብርታት ከመምከር አስቀድማችሁ ማክሰኞ ማታ በርጩማውን ወደ መካከል አውጡት። አያትም ከቻሉ አምስት ጊዜ ይነሡ፤ ልጆቹ ይቍጠሩላቸው። ሐሙስ ማታም በርጩማው ከዚያው ስፍራ ይውጣ።