ከውጭ ወደ ውጭ፦ የማይነር ሴሚስተር ጉዳይ

በአምስተርዳም፣ በሮተርዳምና በዘሄግ ለመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩ ጓዶች በየዓመቱ አንድ ጥያቄ ያቀርቡልናል፦ «ማይነሬን ውጭ አገር ልማር እችላለሁ ወይ?» ለሆላንዱ ልጅ ጥያቄው ቀላል ነው፤ ቅጽ ሞልቶ ሻንጣውን ያዘጋጃል። ለእኛ ግን «ውጭ አገር» የሚለው ቃል ራሱ ግራ ያጋባል፤ ያለነው ውጭ አገር ነውና። የዚህን እትም ዐምድ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል። ዓመታቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዲግሪ 3 ዓመትና 180 ክሬዲት፣ በሆኽስኮል ደግሞ 4 ዓመትና 240 ክሬዲት ይጠይቃል፤ አንዱ ክሬዲት በ28 የሥራ ሰዓት ይታሰባል። ተማሪው ከዋናው ትምህርቱ ወጣ ብሎ ሌላ መስክ የሚያጠናበት ማይነር አብዛኛውን ጊዜ 15 ወይም 30 ክሬዲት ይይዛል። 30 ከሆነ አንድ ሙሉ ሴሚስተር ስለሚሆን፣ ትምህርት ቤቱ ስምምነት ባለው በሌላ አገር ዩኒቨርሲቲ ሊማሩት ይቻላል፤ የሚወሰዱትን ኮርሶች አስቀድሞ የፈተና ኮሚቴው ማጽደቅ አለበት። የትምህርት ክፍያ የሚከፈለው ለላኪው ብቻ ነው። አንድ ሲሄድ አንድ ይመጣል ከሚል ስሌት የመነጨ ነውና ስሙም «ልውውጥ» ተባለ።

ገንዘቡን በተመለከተ ብዙ ጓዶች ሳይጠይቁ ተስፋ ይቆርጣሉ። በ1987 የተጀመረውና ስሙ የሮተርዳሙን ሊቅ የሚያስታውሰው የአውሮፓ ፕሮግራም፣ ኤራስመስ፣ ድጎማውን የሚሰጠው በተመዘገባችሁበት ትምህርት ቤት በኩል ነው፤ ዜግነት አይመርጥም። «ስደተኛ ስለሆናችሁ አይመለከታችሁም» የሚል የቢሮ ሰው ካጋጠማችሁ (እኛን አጋጥሞናል) መልሱን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ። ከመንግሥት የተማሪ ገንዘብ የምታገኙም ሴሚስተሩ የዚሁ ዲግሪያችሁ አካል እስከሆነ ድረስ አይቋረጥባችሁም። የተማሪ የባቡርና የአውቶቡስ ካርዳችሁንም ውጭ በምትቆዩበት ጊዜ በወርኃዊ ገንዘብ ማስለወጥ ይቻላል።

እዚህ ድረስ ወረቀቱ ለሁሉም እኩል ነው። እኩልነቱ የሚያበቃው ድንበር ላይ ነው። በ1951 የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ከትውልድ አገር በስተቀር ለሁሉም አገር ያገለግላል ተብሎ ተጽፎበታል። ማገልገሉ ግን መግባትን አያረጋግጥም። የሆላንድ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ስደተኛ በሼንገን አገሮች ያለ ቪዛ ሊቆይ የሚችለው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ሲሆን፣ ሴሚስተር አምስት ወር ያህል ነው። ስለዚህ የክፍል ጓደኛው ቲኬት ቆርጦ በርሊን ወይም ሉቨን ሲገባ፣ የኛ ሰው ከተቀባዩ አገር የመኖሪያ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። ከመካከላችን አንዷ የመቀበያ ደብዳቤዋን በግንቦት አግኝታ ፈቃዱ የደረሳት በጥቅምት ነው። ትምህርቱ ከተጀመረ ሳምንታት አልፈዋል፤ እዚህ ያለውም የማይነር ምዝገባ ተዘግቷል። ግማሽ ዓመት በከንቱ ተቃጠለ፤ ኪራዩ ግን አልቆመም።

«ማይነሬን ስድስት ኪሎ ባደርገውስ?» ብሎ የጠየቀን ወጣት ጓድም አለ። ናፍቆቱ ይገባናል። የሆላንድ ፓስፖርት ላለው የሚያግደው ነገር በፈቃዱ ላይ የተመሠረተ አይደለም። በስደተኛነት ፈቃድ ለሚኖር ግን ወደ አገር ቤት መጓዝ «ጥበቃ አያስፈልገውም» የሚያሰኝ ማስረጃ ተደርጎ ሊወሰድና ፈቃዱን ሊያስነሣ ይችላል። ለአንድ ሴሚስተር ብሎ ይህን መድፈር አይመከርም፤ የሕግ ሰው ሳያማክሩ ደግሞ ፈጽሞ።

ታዲያ ይህን ያህል ችግር ካለ ለምን አይቀርም? እዚሁ ሆላንድ ውስጥ በሌላ ትምህርት ቤት ማይነር መውሰድ ይቻላል፤ የላይደን፣ የደልፍትና የኤራስመስ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚያስተምሯቸውም አሉ። እንደ መጠባበቂያ ጥሩ ነው፣ አስቀድማችሁ ተመዝገቡበት። «ለእናንተ ይህ ይበቃል» ሲባል ግን አንቀበልም። ሰው ለሰው መገናኘቱ ምን እንደሚያመጣ ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። ከ1958 ጀምሮ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሲሰጥ አስተናጋጅነቱንና ክብሩን ነበር ያሰበው። ከኬንያና ከሌሎችም አገሮች የመጡት ወጣቶች ግን ስለ ቅኝ አገዛዝና ስለ ነፃነት በግልጽ ሲከራከሩ የሰማው የአዲስ አበባ ተማሪ የራሱን ዝምታ መመርመር ጀመረ። በ1964 ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ተማሪው ዲግሪውን ከመውሰዱ በፊት አንድ ዓመት በጠቅላይ ግዛቶቹ እንዲያገለግል ደነገገ። አብዛኛው መምህር ሆኖ ሄደ። ጭሰኛውን በመጽሐፍ ብቻ ያውቅ የነበረው ከጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ አነጋገረው። ሁለቱም ድንጋጌዎች ከላይ የመጡ ናቸው፤ ውጤታቸውን ግን የደነገጋቸው ክፍል አልፈለገውም ነበር።

ከዚህ አኳያ ሲታይ የዛሬው «ልውውጥ» አንድ እጁ አጭር ነው። ዘሄግ ያለው የማኅበራዊ ጥናት ተቋም ከተመሠረተበት ከ1952 ወዲህ ኢትዮጵያውያንን አስተምሯል፤ በ2009 የሮተርዳሙ ኤራስመስ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆኗል። ነገር ግን የሚያስተምረው ከማስተርስ በላይ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ስድስት ኪሎ የሚማር ልጅ በልውውጥ ስምምነት ካልተያዘ፣ በ2025–26 የሆላንዱ ተማሪ 2,601 ዩሮ በከፈለበት መደብ ላይ ለመቀመጥ የዚያን ብዙ እጥፍ ይጠየቃል። ከዚህ ወደዚያ የሚሄድ ወንበር በተከፈተ ቁጥር ከዚያ ወደዚህ የሚመጣም እንዲከፈት በየትምህርት ቤቱ የተማሪ ምክር ቤት ውስጥ ያላችሁ ጓዶች ጥያቄውን በስብሰባ አጀንዳ አስይዙት።

እስከዚያው ማመልከት ያሰባችሁ ከአንድ ዓመት በፊት ጀምሩ። ከ12 ወር ውስጥ ከ8 ወር በላይ ውጭ የሚቆይ ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ መውጣት እንዳለበት አትርሱ፤ አንድ ሴሚስተር ግን ከዚህ በታች ነው። ቀደም ብላችሁ የሄዳችሁ ደግሞ የትኛው አገር ፈቃዱን በስንት ሳምንት እንደሰጣችሁና ምን ወረቀት እንደጠየቃችሁ ጻፉልን። ስም አያስፈልግም፤ አገሩ፣ ወሩና የጠበቃችሁት ጊዜ ይበቃል። ዝርዝሩን አዘጋጅተን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።