እዚችው ናት

ላሊበላ ላይ ርቀት የሚለካው በአገጭ ነው። «አሸተን ማርያም ገዳም ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» ብዬ የጠየቅኋቸው ሦስት ሰዎች ሦስቱም አገጫቸውን ወደ ተራራው ቀና አድርገው «እዚችው ናት!» አሉኝ። አንዷ ደጃፏን የምትጠርግ ሴት፣ አንዱ ደብተሩን በብብቱ የሸጎጠ ተማሪ፣ አንዱ ደግሞ በቅሎ የሚያከራይ ጎልማሳ ነበሩ። ባለበቅሎው ብቻ ትንሽ ራራልኝና «ለእኛ እዚችው ናት፤ ለአንተ ግን በበቅሎ ብትሆን ይሻላል» አለ። ገበያውን እያሟሟቀ ነው ብዬ አልሰማሁትም። ከሁለት ሰዓት በኋላ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተዘርፍጬ ትንፋሼን ስለቃቅም ያ ሰው ከነበቅሎው ዓይኔ ላይ ድቅን ይልብኝ ነበር።

ከአዲስ አበባ ስነሳ በራሴ ተማምኜ ነበር። እኛም እኮ ደገኞች ነን፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ተኝተን የምንነሳ ሰዎች። ላሊበላ ብትበልጠን በመቶ ሜትር ገደማ ነው። የረሳሁት ነገር ቢኖር የአዲስ አበባ ሰው ከፍታ ላይ ይኖራል እንጂ ከፍታ አይወጣም፤ የሚያወጣው ታክሲ ነው። አሸተን ማርያም ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። እዚያ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ሰው በአንድ ትንፋሽ የሚስበው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። ከዚያ ወዲያ ደግሞ አቡነ ዮሴፍ አለ፤ ከ4,200 ሜትር በላይ የሚዘልቅ፣ ጅብራ የሚበቅልበት፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት ተራራ። የእሱንም መንገድ ጠይቄ ነበር። መልሱን ታውቁታላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የአዲስ አበባ ሰው «ሃይኪንግ» የሚባል ነገር ለምዷል። እሑድ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ይሞላል፤ እንጦጦ፣ መናገሻ ሱባ፣ የረር፣ ወንጪ ይኬዳል። እኔም ከለመዱት አንዱ ነኝና ልቀልድበት አልችልም። ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። በእኛ አገር በእግር መሄድ የድህነት ምልክት ተደርጎ ኖሯል። «በእግሬ መጣሁ» የሚል ሰው ወይ ታክሲ አጥቷል፣ ወይ ገንዘብ አጥቷል፤ ቢቀር ቢቀር ተስሏል። አሁን ደግሞ ከፍለን በእግራችን እንሄዳለን። እንጦጦ ላይ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገናኛሉ፤ የባሕር ዛፍ ጭራሮና እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው የሚወርዱ እናቶች በአንድ በኩል፣ የውሃ ጠርሙስ ያንጠለጠልን ልጆቻቸው የምንሆን ሰዎች በሌላ በኩል። ሁላችንም አልቦናል። ያላበን ምክንያት ግን ለየቅል ነው።

ላሊበላ ላይ ያየሁት ከዚህ የባሰ ነው፣ ወይም የተሻለ፤ እስካሁን አልለየልኝም። የወጣሁት ቅዳሜ ቀን ነበር፤ የገበያ ቀን። የጉዞ መጽሐፍ «የአሸተን የእግር ጉዞ መስመር» የሚለው መንገድ በዚያ ጠዋት የማንም የጉዞ መስመር አልነበረም፤ የገበያ መንገድ ነበር። ከላይ ገብስ የጫኑ አህዮች፣ ዶሮ በእግሯ አንጠልጥለው የሚወርዱ ልጆች፣ ጓሳ ገመድ የተሸከሙ ሰዎች፣ ኮንጎ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው በባዶ እግራቸው የሚወርዱ ልጃገረዶች (ጫማው ለከተማው ነው) ይጎርፋሉ። ሽቅብ የምንወጣው እኔና አስጎብኚዬ ብቻ ነበርን። ከወንዝ ጋር እንደሚታገል ሰው ሆንኩ።

የዚህ መንገድ ሕግ በየትኛውም ሰሌዳ ላይ አልተጻፈም። ያገኘኸውን ሁሉ ሰላም ትላለህ፤ ሰላምታውም የዋዛ አይደለም፣ እንዴት አደርክ፣ ከብቱ እንዴት ነው፣ አገሩ እንዴት ነው ተብሎ ተጠያይቆ፣ እየተራራቁም ቢሆን በጀርባ ይጨረሳል። ባዶውን ያለ ለተሸከመ ይለቃል። ዋናው ሕግ ግን የገባኝ አንዲት እናት እጄን ይዘው ሲጎትቱኝ ነው። ገብስ በጀርባቸው አዝለዋል። እኔ የጫኑ አህዮች ሲመጡ አይቼ በጨዋ ደንብ ወደ ገደሉ ጠርዝ ወጣ ብዬ ቆሜያለሁ። «በዳገቱ በኩል ቁም እንጂ፣ ወንድም ዓለም! ጭነት ዓይን የለውም!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አህያዋ የምታውቀው የራሷን ወርድ ነው፤ ከጎኗ ወጥቶ የተንጠለጠለውን ጆንያ አታውቀውም። በገደሉ በኩል የቆመን ሰው ጆንያው ገፋ ካደረገው በቃ። ስንት ዓመት በተራራ ተጉዣለሁ ስል ይህን የነገረኝ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ ላሊበላን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የመዘገበው 11ዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ነው። መንገዶቹን ማንም አልመዘገባቸውም። ነገር ግን በዙሪያዋ ያሉትን አብያተ ክርስቲያናት፣ አሸተንን፣ ነአኩቶ ለአብን፣ ገነተ ማርያምን፣ ይምርሃነ ክርስቶስን ከከተማዋ ጋር የሰፋው ክር እነዚህ የእግር መንገዶች ናቸው። ነአኩቶ ለአብ ዘንድ ከዋሻው ጣሪያ የሚንጠባጠበው ውሃ በጎደጎዱ ድንጋዮች ውስጥ ተጠራቅሞ ጠበል ይሆናል፤ ያንን ጠበል በጠርሙስ ይዞ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ሰው የሚረግጠው ይህንኑ መንገድ ነው። ይምርሃነ ክርስቶስ በሰፊ ዋሻ ውስጥ በእንጨትና በድንጋይ ድርድር የታነጸ ነው፤ ዛሬ መኪና ዞሮ ይደርሳል፣ በእግር የሚቆርጠው ግን ተራራውን ተሻግሮ ነው። ለገና ደግሞ ከሩቅ አገር ለቀናት፣ አንዳንዱም ለሳምንታት በእግሩ የሚመጣው ምዕመን አለ። በጾመ ነቢያት ነው የሚጓዘው፤ ስንቁ ቆሎና በሶ ነው፣ ልብሱ ነጭ ነጠላ፣ ምርኩዙ የወይራ ዱላ። ያ ሰው ታኅሣሥ 29 ቀን በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» የሚባለው ዝማሬ ሲዜም ቆሞ ይሰማል። ሃይኪንግ ሠራህ ብትለው ምን ዓይነት ሥራ ነው ብሎ ይጠይቅሃል።

እንግዲህ አስተያየቴን ልናገር። እነዚህን መንገዶች «እናልማ» የሚል ወሬ በሰማሁ ቁጥር እፈራለሁ። የሲሚንቶ ደረጃ፣ የብረት መያዣ፣ በቀለም የተሳለ ቀስት ይታየኛል። ላሊበላ እንዲህ ያለ በጎ ሐሳብ ምን እንደሚመስል አይታለች፤ እ.ኤ.አ. በ2008 አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ ለመከለል የተተከሉት ትላልቅ የብረት መጠለያዎች ዛሬም ከተማዋን እንዳሳሰቧት ነው፤ ይወድቃሉ የሚል ስጋት አለ፣ መልኩም አላማረም። መንገድ ግን ከዚህ ያነሰ ነው የሚፈልገው። የተራራ መንገድ የሚሞተው በእግር ብዛት አይደለም፤ በክረምት ውሃ ነው። ቀጥ ብሎ ሽቅብ የወጣ መንገድ በሐምሌ ወር ቦይ ይሆናል፤ ውሃው አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን አግጥጦ ይተወዋል፤ ሰውም ድንጋዩን ሸሽቶ በዳር ይሄዳል፣ ዳሩም በተራው ይቦረቦራል። በሁለት ሦስት ክረምት አንዱ መንገድ አራት ይሆናል፣ የገበሬውም የገብስ ማሳ በአራት ፈርጅ ይቆረጣል። የተጠማዘዘውን መንገድ በአቋራጭ የምንቆርጠው እኛ ከተሜዎች ደግሞ ለውሃው ፈር እንቀድለታለን። መድኃኒቱ ገበሬው የሚያውቀው ነገር ነው፦ በየጥቂቱ ውሃውን ወደ ጎን የሚያስወጣ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ የተደረደረ ድንጋይ፣ መስከረም ላይ ዶማ ይዞ የሚዞር ሰው። እኔ ለመግቢያ የከፈልኩትን ካህኑ ተቀበሉኝ፤ ለአስጎብኚዬም ከፈልኩት። ለዚያ ዶማ የሚከፈል ነገር ግን የለም። የምንሄድበት መንገድ ባለቤት የሌለው እየመሰለን ነው፤ ባለቤት ግን አለው፣ በየማሳው ጫፍ ቆሞ ያየናል።

ይህን ስል ግን አንድ የሚያፍነኝ ነገር አለ። መንገዱ ጠባብ ሆኖ ይቅር ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ወደ ከተማ የምመለስ ሰው ነኝ። ከአሸተን ወዲያ ያሉት መንደሮች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ነው የሚያወርዱት፤ አራት ሰው ይሸከማል፣ አራቱ ሲደክሙ ሌላ አራት ይተካል፣ ሌሊት ከሆነ ደግሞ ባትሪ የያዘ ልጅ ፊት ይቀድማል። አስጎብኚዬ በልጅነቱ እንዲህ ባትሪ ይዞ እንደወረደ ነገረኝ። መውረዱ ስንት ሰዓት ፈጅቶባቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ይህን ጊዜ አገጩን አላነሳም። «አላውቅም» አለ።

ስለዚህ መኪና መንገድ ለሚፈልግ መንደር «ውበቱ እንዳይጠፋ» ብዬ ልከራከር አልደፍርም። ደግሞም የእግር መንገዱ በመኪና መንገድ ምክንያት ይጠፋል ብዬ አላምንም። ከላሊበላ ወደ ጋሸና የሚወስደውን 64 ኪሎ ሜትር የሄደ ሰው አይቶታል፤ መኪናው እየተጠማዘዘ ሲለፋ ልጆቹ በአቋራጭ ቁልቁል ወርደው ታች ይጠብቁታል። መኪና ያለው ይዞራል፤ እግር ያለው ይቆርጣል። የእግር መንገድ የሚጠፋው የሚሄድበት ሰው ሲጠፋ ነው።

ይህም የማይቻል እንዳይመስለን ያየነው ነገር አለ። መጀመሪያ ኮቪድ፣ ቀጥሎ ጦርነት ላሊበላን እንግዳ አሳጣት። አስጎብኚ፣ ባለበቅሎ፣ ሆቴል ሠራተኛ፣ ነጠላ ሻጭ አብረው ጦማቸውን አደሩ። መቄት ላይ፣ ከላሊበላ በስተደቡብ ባለው አምባ ጠርዝ፣ ከሃያ ዓመት በላይ የቆየ «ተስፋ» የሚባል የማኅበረሰብ ጉዞ አለ፤ ገበሬዎቹ በገደሉ አፋፍ ጎጆ ቀልሰው፣ እንግዳን ከመንደር መንደር እየተቀባበሉ፣ ሻንጣውን በአህያ እየጫኑ፣ ሽሮውን ራሳቸው እየሠሩ ገቢውን ለማኅበረሰቡ ያውሉት ነበር። እኔ ካየኋቸው ነገሮች ሁሉ ለተራራ መንገድ የሚበጀው ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መንገዱን የሚጠግነውና ከመንገዱ የሚበላው አንድ ሰው ነው። ግን እንግዳው ሲቀር እሱም ይራባል። መንገዱ ብቻ አልተራበም። ቅዳሜ ቅዳሜ ገብሱ ወርዷል፣ ጨዉ ወጥቷል።

አሸተን ራሷን ብዙ አልገልጻትም። ወደ ገዳሟ ስትቃረቡ መንገዱ በዐለት መካከል ይገባል፤ ቤተ ክርስቲያኗ ከዐለቱ ተፈልፍላ የወጣች ናት፤ ካህኑ መስቀሎቹን አውጥተው ያሳያሉ። ከዚያ ወደ ታች ስታዩ ላሊበላ እፍኝ የምትሞላ ናት፣ የክቦቹ የላስታ ድንጋይ ቤቶች ጣሪያ እንደ ተበተነ አተር። ሌላውን ሄዳችሁ እዩ። ውሃ ያዙ። ባለበቅሎውንም ስሙት።

ስመለስ ከሰዓት በኋላ ሆኖ ነበር፤ ገበያው ተበትኖ አሁን ወንዙ ሽቅብ ይፈስሳል። መሐል ላይ ጠዋት እጄን የጎተቱኝን እናት አገኘኋቸው። ገብሱ የለም፤ በፌስታል ጨውና ቡና፣ በእጃቸው ጋዝ የሞላ ጠርሙስ ይዘዋል። አወቁኝ።

«ደረስህ?» አሉ።

«ደርሼ ተመለስኩ፣ እማማ።»

«እዚያ ላይ ምን ረስተህ ነበር?»

መልሱ ጠፋኝ። «ልያት ብዬ ነው» አልኩ። ጫማዬን አዩት፣ ፊቴን አዩት፣ የሆነ ነገር ሊሉ ብለው ተዉት። ከኋላቸው ባዶ ጆንያ የጫኑ አህዮች እየተንጋጉ መጡ። ጀርባዬን ከተራራው አስጠግቼ በዳገቱ በኩል ቆምኩ። እሳቸው «ጎሽ» ብለው አለፉ።