ሕጉ ከቅጣቱ ይቅደም

አንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በውጤት ማነስ ከዩኒቨርሲቲ የሚሰናበትበትን ሕግ የሚያውቀው፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ ሕጉ በራሱ ላይ ከተፈጸመ በኋላ ነው። ይህ በዝምታ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ አገር አቀፍ ፈተና አልፎ፣ ቤተሰቡ ያለውን አሟጦ ልብስና ብርድ ልብስ ገዝቶ የሸኘው ልጅ፣ ዕጣውን የሚወስነውን ደንብ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው ስሙ ከተለጠፈበት ሰሌዳ ሥር ቆሞ ከሆነ፣ ጥፋቱ የልጁ ብቻ ነው ብሎ መፍረድ አይቻልም።

በመምህርነት ባሳለፍኳቸው ዓመታት የመጀመሪያው መንፈቅ ውጤት በታወቀ ቁጥር ተማሪዎች ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ ተመሳሳይ ነው። «ቲቸር፣ ዲስሚስ ማለት ጨርሶ መባረር ነው ወይስ ተመልሶ መግባት ይቻላል?» «እኔ በ1.70 ፕሮቤሽን ተብያለሁ፤ ጓደኛዬ በ1.80 ዋርኒንግ ብቻ ነው የተጻፈበት፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?» «ኤን ጂ (ገና ያልተሰጠ ውጤት) የሚለው በጊዜው ካልተስተካከለ ምን ይሆናል?» እነዚህ ሁሉ ተማሪው ግቢ በገባበት ሳምንት መልስ ማግኘት የነበረባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ውጤት ከወጣ በኋላ ሲመለሱ ለብዙዎቹ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሆናል።

የደንቡ ፍሬ ነገር አንድ ገጽ አይሞላም። በአብዛኞቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ኤ 4 ነጥብ ይይዛል፤ ቢ 3፣ ሲ ፕላስ 2.5፣ ሲ 2፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1፣ ኤፍ 0። የእያንዳንዱ ትምህርት ነጥብ በክሬዲቱ ይባዛና ድምሩ ለጠቅላላው ክሬዲት ይካፈላል፤ የሚገኘው ቁጥር የመንፈቁ አማካይ ውጤት ነው። 2.00 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ተማሪ ያለ ሥጋት ይቀጥላል። በተለመደው አሠራር የአንደኛ ዓመት ተማሪ በመጀመሪያው መንፈቅ ከ2.00 ወርዶ ከ1.75 ካላነሰ ማስጠንቀቂያ (ዋርኒንግ) ይሰጠዋል፤ ከ1.75 ወርዶ ከ1.50 ካላነሰ ፕሮቤሽን (የሙከራ ጊዜ) ላይ ይውላል፤ ከ1.50 በታች ከሆነ ይሰናበታል። ዓመቱ በገፋ ቁጥር መስፈርቱ እየጠነከረ ይሄዳል። ለመመረቅ ጠቅላላ አማካይ ውጤቱም፣ የዋናው የትምህርት መስኩ ውጤትም ቢያንስ 2.00 መሆን አለበት። ዝርዝሩን የሚወስነው የየዩኒቨርሲቲው ሴኔት ስለሆነ ከግቢ ግቢ ልዩነት ይኖራል፤ ስለዚህ ተማሪው ማንበብ ያለበት የራሱን ዩኒቨርሲቲ ሕግ ነው።

ቁጥሩ በአንድ ልጅ ሕይወት ላይ እንዴት እንደሚሠራ ለማየት የተፈጥሮ ሳይንስ ፍሬሽማን እንውሰድ። ስድስት ትምህርት ወስዷል፤ እያንዳንዱ ሦስት ክሬዲት፣ በድምሩ 18 ክሬዲት ነው። በእንግሊዝኛና በጂኦግራፊ ሲ፣ በሳይኮሎጂ ሲ ፕላስ፣ በሎጂክ ሲ ማይነስ፣ በሒሳብ ዲ፣ በፊዚክስ ኤፍ አገኘ እንበል። አማካዩ 1.54 ይሆናል። ፕሮቤሽን ነው፤ ሆኖም ልጁ ይቀጥላል። አሁን የሎጂኩን ሲ ማይነስ ብቻ ወደ ዲ እናውርደው። አማካዩ 1.42 ይሆናል፤ ልጁ ይሰናበታል። በተለመደው የውጤት አሰጣጥ ሲ ማይነስ ከ45 ይጀምራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ዝቅ የሚለው ዲ ነው። አንድ ማርክ፣ ምናልባትም ሳይፈተን የቀረው አንድ ኩዊዝ ወይም ሳያስረክብ የቀረው አንድ አሳይመንት፣ በዶርም መቆየትንና ሻንጣ ማንሣትን ይለያል ማለት ነው።

የማለፊያና የመውደቂያ ድንበር የሆነ ቦታ ላይ መሰመሩ የግድ ነው፤ በዚህ አልከራከርም። የምከራከረው ድንበሩን የሚያውቀው ማን ነው በሚለው ላይ ነው። ይህን ስሌት በኅዳር የሠራ ተማሪ ጥረቱን የት ላይ እንደሚያውል ያውቃል። በፊዚክስ ተስፋ ቢቆርጥ እንኳ ሎጂኩን አጥብቆ ይይዛል፤ የአሥር ማርክ አሳይመንት ቀላል ነገር እንዳልሆነ ይገባዋል፤ ሚድ ላይ የወደቀበትን ትምህርት መምህር ቢሮ ድረስ ሄዶ ይጠይቃል። ስሌቱን ያላየው ግን እስከ ፋይናል ድረስ «እንደምንም አልፋለሁ» እያለ ይቆያል።

ሕጉ ደግሞ መቅጫ ብቻ አይደለም፤ ለተቸገረ ተማሪ መውጫም አስቀምጧል። በመንፈቁ መጀመሪያ ትምህርት መጨመርና መቀነስ ይቻላል። ከባድ ሕመም ወይም የቤተሰብ ሐዘን የደረሰበት ተማሪ የዊዝድሮዋል ቅጽ ሞልቶ መንፈቁን ማቋረጥ፣ በኋላም በሥርዓቱ ተመልሶ መቀጠል ይችላል። ውጤቴ ተበላሽቷል የሚል ተማሪ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ወረቀቱ እንዲታይለት ማመልከት ይችላል። በውጤት ማነስ የተሰናበተም ቢሆን፣ መስፈርቱን ካሟላ፣ ሪአድሚሽን (ተመልሶ መግባት) የሚጠይቅበት አሠራር አለ። ችግሩ እነዚህ መብቶች ሁሉ ቀነ ገደብ ያላቸው መሆኑ ነው። ቅጹን ሳይሞላ ከግቢ የወጣ ተማሪ ያልተሟላው ውጤቱ ኤፍ ሊሆንበት፣ የመመለስ መብቱንም ሊያጣ ይችላል።

ቀነ ገደቡን አለማወቅ ምን ያህል ሰው እንደሚጎዳ ያለፉት ዓመታት አሳይተውናል። በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ በወልዲያ ዩኒቨርሲቲ በግጭት የተማሪዎች ሕይወት ከጠፋ በኋላ በተለያዩ ግቢዎች ብዙ ተማሪዎች ፈርተው ወደየቤታቸው ሄደዋል። ነፍሱን ለማዳን አውቶቡስ የተሳፈረ ልጅ መጀመሪያ ሬጅስትራር ቢሮ ሄዶ ቅጽ እንዲሞላ መጠበቅ ግፍ ነው። ከዚያም ወዲህ በጦርነትና በመንገድ መዘጋት ትምህርቱ የተቆራረጠበት ተማሪ ብዙ ነው። ደንቡን የሚያውቅ ተማሪ፣ ቢያንስ፣ ቤቱ እንደደረሰ ደውሎ መጠየቅ እንዳለበት ያስባል። የማያውቀው ሁሉም ነገር ሲረጋጋ ተመልሶ የሚቀጥል ይመስለዋል፤ ሲመለስ ስሙ ከመዝገብ ወጥቶ ይጠብቀዋል።

ባለማወቅ ከሚጎዱት መካከል አብዛኞቹ እነማን እንደሆኑ ማሰብም ይገባል። እህቱ ወይም አባቱ ዩኒቨርሲቲ የተማሩለት ልጅ ስለ ክሬዲት፣ ስለ ፕሮቤሽን፣ ስለ አድቫይዘር የሚሰማው ገና ከቤቱ ሳይወጣ ነው። ከገጠር ቀበሌ መጥቶ ከቤተሰቡ የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነው ልጅ ግን የሚያስረዳው ዘመድ የለውም። የሴኔት ሕጉ ደግሞ ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በሕግ ቋንቋ የታጨቀ ወፍራም ሰነድ ነው። በዚያው በእንግሊዝኛ ምክንያት ትምህርቱ የከበደውን ተማሪ፣ ከስንብት የሚያድነውን ደንብም በእንግሊዝኛ ፈልገህ አንብብ ማለት በሩን ሁለት ጊዜ መዝጋት ነው። ደንቡ ሁሉንም እኩል ይመለከታል ይባላል። አንዱ የሚያውቀው፣ ሌላው የማያውቀው ደንብ ግን እኩል አይዳኝም።

ደንቡን አስቀድሞ ማስረዳት የማይቻል ሆኖ አይደለም። ከ1996 ዓ.ም. ወዲህ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ የወጪ መጋራት ውል ይፈርማል። ለገንዘቡ ውል ማስፈረም የሚችል ተቋም፣ ተማሪው ተቋሙ ውስጥ የሚቆይበትን ሁኔታ በአንድ ገጽ አስረድቶ ማስፈረም አያቅተውም። በገንዘቡ በኩል ግዴታውን አሳውቆ በትምህርቱ በኩል መብቱን ዝም ማለት ሚዛኑ የተዛባ አሠራር ነው።

አንድ ሌላ እውነታ አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 በመቶ። በእነዚያ ዓመታት ከመቶ ሦስትና አምስት ልጅ ብቻ ያሳለፈ አገር፣ ያለፉትን እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ ይኖርበታል። የማለፊያ ነጥቡን ሳያመጡ በማካካሻ ትምህርት (ሪሚዲያል) በኩል የገቡትም ቢሆኑ ክፍተት ይዘው እንደመጡ እየታወቀ የተቀበልናቸው ናቸው። ክፍተታቸውን እያወቅን ካስገባናቸው በኋላ በመጀመሪያው መንፈቅ ብቻቸውን ትተናቸው ሲወድቁ «አቅም አልነበራቸውም» ማለት ከኃላፊነት መሸሽ ነው።

«ታዲያ ሁሉም ይለፍ ነው የምትለው?» የሚለኝ ባልደረባ አይጠፋም። አይደለም። ደካማ ሐኪም፣ ደካማ መሐንዲስ፣ ደካማ መምህር የሚያስከፍለውን ዋጋ የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተናም፣ ለማለፍ 50 በመቶ የሚጠይቀው፣ 2.00 ይዞ አራት ዓመት መቀመጥ ብቻውን እንደማይበቃ አሳይቷል። በልመና የተሰጠ ሲ ለተማሪውም አይጠቅመውም፤ መጨረሻ ላይ በመውጫ ፈተናው ይጋለጣል። ስለዚህ መስፈርቱ ይጠንክር፤ 2.00 ወደ 1.90 ይውረድ አልልም። የምለው አስቀድሞ ይነገር፣ በጊዜ ይታወቅ፣ ሊወድቅ የተቃረበም ሰው ይኑረው ነው። እነዚህ ሦስቱ የትምህርትን ጥራት ያጠናክራሉ እንጂ አይጎዱም።

ይህን ለማድረግ ትልቅ በጀት አያስፈልግም። አንደኛ፣ የሴኔት ሕጉ ዋና ዋና ነጥቦች፣ ማለትም የውጤት ስሌቱ፣ የማስጠንቀቂያው፣ የፕሮቤሽኑና የስንብቱ ድንበር፣ የዊዝድሮዋልና የሪአድሚሽን አሠራር፣ በአንድ ሁለት ገጽ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛና ተማሪዎቹ በሚያውቋቸው ሌሎች ቋንቋዎች ይዘጋጁ፤ እያንዳንዱ አዲስ ተማሪ በመመዝገቢያው ቀን ይቀበላቸው። በመግቢያው ሳምንት አዳራሽ ሞልቶ ስለ ካፌና ስለ ዶርም ሲነገር፣ ይህም በምሳሌ ተሠልቶ በሰሌዳ ላይ ይታይ።

ሁለተኛ፣ ማስጠንቀቂያ በግሬድ ሪፖርት ላይ የሚጻፍ ቃል ሆኖ አይቅር። ማስጠንቀቂያ ወይም ፕሮቤሽን ያገኘ ተማሪ ለሁለተኛው መንፈቅ ሳይመዘገብ አድቫይዘሩ ዘንድ ቀርቦ ይነጋገር። ምን እንደከበደው ይጠየቅ፤ የሚወስደው ትምህርት ቁጥር ይታይ፤ ቲቶሪያል ይመደብለት። በብዙ ቦታ አድቫይዘር የሚባለው በምዝገባ ወረቀት ላይ የሚፈርም መምህር ብቻ ሆኗል። አንድ መምህር ብዙ ተማሪ ይዞ ከሁሉም ጋር መነጋገር እንደሚያቅተው ይገባኛል። ቢያንስ ግን ስማቸው በማስጠንቀቂያ ዝርዝር ውስጥ ያሉትን ጠርቶ ማነጋገር የሥራው አካል ሊሆን፣ ሰዓቱም ሊታሰብለት ይገባል።

ሦስተኛ፣ እኛ መምህራን ግሬድ በጊዜው እናስገባ። ተማሪ ለሁለተኛው መንፈቅ ተመዝግቦ፣ ሳምንታት ተምሮ፣ ከዚያ የዘገየ ግሬድ ሲገባ «ተሰናብተሃል» ሲባል አይቻለሁ። ከዚህ የከፋ አሠራር የለም። ዶርም ይዞ፣ ኖት ገልብጦ፣ ለኩዊዝ እያነበበ ያለ ልጅ ከክፍል ተጠርቶ ይወጣል። የተማሪ ቀነ ገደብ ሲያልፍ ቅጣት አለው፤ የመምህር ቀነ ገደብ ሲያልፍም ተጠያቂነት ሊኖረው ይገባል። ሚድ ተፈትነው ወረቀቱ እስከ ፋይናል የማይመለስላቸው ተማሪዎችም ያሉበትን ደረጃ የሚያውቁበት መንገድ የላቸውም።

አራተኛ፣ የስንብት ደብዳቤ መብትንም ይናገር። ስንብቱ ለዘለቄታው ነው ወይስ መመለስ ይቻላል? የሚቻል ከሆነ ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን፣ የት ቢሮ፣ ምን ወረቀት ይዞ ያመለክታል? ውጤቴ ይታይልኝ ማለት የሚችለው እስከ መቼ ነው? እነዚህ በደብዳቤው ላይ ሦስት አራት መስመር ናቸው። መስመሮቹ ባለመጻፋቸው ግን መመለስ የሚችል ተማሪ ቀኑ አልፎበት ይቀራል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለኝ። ከግቢ ተሰናብተው ለቤተሰብ መናገር አፍረው፣ በዚያው ከተማ ቤት ተከራይተው፣ የሚማሩ እየመሰሉ የሚቆዩ ልጆች አሉ። የማመልከቻው ጊዜ የሚያልፍባቸውም በዚህ መሐል ነው። ልጃችሁ «ተሰናበትኩ» ሲላችሁ የመጀመሪያው ጥያቄያችሁ «ምን ይሉናል?» አይሁን። «የመመለሻው ቀን መቼ ነው?» በሉት። አንድ መንፈቅ የወደቀ ልጅ ከሕይወት አልወደቀም፤ በሪአድሚሽን ተመልሶ በጥሩ ውጤት የተመረቀ፣ በቴክኒክና ሙያ ገብቶ ጥሩ ባለሙያ የሆነም በየሰፈራችን አለ።

አንተ ዘንድሮ ግቢ የገባህ ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ ማንም እስኪነግራችሁ አትጠብቁ። በዚህ ሳምንት ሬጅስትራር ሄዳችሁ የዩኒቨርሲቲያችሁን የሴኔት ሕግ ጠይቁ፤ ስለ ውጤትና ስለ ስንብት የሚናገረውን ክፍል ፎቶ አንሡ፤ ያልገባችሁን አድቫይዘራችሁን ጠይቁ፤ የዶርም ጓደኞቻችሁን ሰብስባችሁ ስሌቱን አብራችሁ ሥሩ። መታመም፣ መጨነቅ ወይም ከግቢ መውጣት ግድ ቢሆንባችሁ ሳትናገሩ አትሂዱ።

ለየዩኒቨርሲቲው ሴኔትና ለሬጅስትራር ኃላፊዎች የማቀርበው ጥያቄ ደግሞ አጭር ነው። ተማሪ አሰናብቱ፣ መስፈርቱ ያስገድዳችኋልና፤ ነገር ግን ሕጉን በሚገባው ቋንቋ ያልነገራችሁትን፣ ሲዳከም ያላነጋገራችሁትን፣ ግሬዱን በጊዜ ያላሳወቃችሁትን ልጅ በሕጉ ስም ለማሰናበት የሞራል መብት የላችሁም። መጪዎቹ ፍሬሽማኖች ከመግባታቸው በፊት ያቺን ሁለት ገጽ አሳትሙ።