ለተራዊህ ስርጭት አንድ መንገድ አይበቃም

ረመዳን ሲገባ በወልድያም፣ በመርሳም፣ በሀብሩ ቀበሌዎችም ከኢፍጣር በኋላ አንድ ጥያቄ በየቤቱ ይነሳል፤ «ኔትወርኩ ዛሬ እንዴት ነው?» ቴምሩና ሾርባው ተቀምሶ ጎረምሳውና ጎልማሳው ለተራዊህ ወደ መስጂድ ሲወጣ ቤት የሚቀሩ አሉ። እግራቸው እንደ ድሮው የማይታዘዝላቸው አባቶች፣ የታመሙ እናቶች፣ አራስ ቤት ያሉ ሴቶች ከእነዚህ መካከል ናቸው። እነርሱ ከመካ መስጂደል ሐረም በቀጥታ የሚተላለፈውን ቂርኣት ማዳመጥ ይፈልጋሉ። ሶላታቸውን እቤታቸው ይሰግዳሉ፤ ድምፁ ግን ከሌላው ሰው ጋር ያገናኛቸዋል።

ታዲያ ኢማሙ ዱዓ ላይ ሲደርሱ ምስሉ ቀጥ ይላል። ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ መስኮት ይሮጣል፤ አያት እጃቸውን እንደዘረጉ ይጠብቃሉ። ይህን ያላየ ቤት ያለ አይመስለንም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በኢንተርኔቱ ፍጥነት ላይ እናሳብባለን። ፍጥነት ድርሻ እንዳለው አንክድም። ይሁን እንጂ በእኛ አስተያየት ዋናው ችግር ሁሉን ነገር በአንድ መስመር ላይ መስቀላችን ነው። ይህን ከእኛ በላይ ሊያውቅ የሚገባው የለም። ከ2013 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በዘለቀው የጦርነት ወቅት አካባቢያችን ያለ መብራትና ያለ ስልክ ከርሟል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የተያዘው የ1445 ዓመተ ሒጅራ ረመዳንም የሞባይል ዳታ በክልላችን አብዛኛው ክፍል ተቋርጦ ሳለ ነው ያለፈው። ያን ጊዜ ተራዊህን በቴሌቪዥን የተከታተለው ጣሪያው ላይ ዲሽ የነበረው ቤት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክራችን «ዘመኑ የኢንተርኔት ነው» ብለን ዲሹን አናውርድ የሚል ነው። መስጂደል ሐረምን ሌት ተቀን የሚያሳየው የሳዑዲ የቁርኣን ቻናል በዲሽ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይገባል፤ ዳታ አይበላም፤ ማታ ሰው ሁሉ ስልኩን ሲከፍት አይጨናነቅም። ዲሹ የቤቱ ምሰሶ ይሁን፤ ኢንተርኔቱ ይደግፈው።

ኢንተርኔት ለሚጠቀም ደግሞ ሒሳብ ማወቅ ይጠቅማል። ዩቲዩብ በ360 የምስል ጥራት ለመመልከት በሰከንድ 0.7 ሜጋቢት፣ በ1080 ጥራት ደግሞ 5 ሜጋቢት ፍጥነት ይመክራል። አንድ ሰዓት ተኩል የሚፈጅ ተራዊህ ለ30 ሌሊት ቢታይ በ360 ጥራት ወደ 14 ጊጋባይት፣ በ1080 ግን ከ100 ጊጋባይት በላይ ይሆናል። በመዳፍ በሚያዝ ስልክ ላይ የሁለቱ ልዩነት እምብዛም አይታይም። ኪስ ላይ ግን ይታያል። ስልኩ ጥራቱን ራሱ እንዲመርጥ ከመተው ወደ 360 ማውረድ ገንዘብም ያተርፋል፣ መቆራረጡንም ይቀንሳል።

ዋይፋይ ያለው ቤት መሣሪያውን ከቁም ሣጥን ጀርባ ወይም ከወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ኋላ አይደብቀው። ከፍ ያለና ለሳሎኑ ግልጽ የሆነ ቦታ ይሻለዋል። መሣሪያው ሁለት ሞገድ ካለው 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ፈጣን ነው፤ ግድግዳ ማለፍ ግን ይከብደዋል። በሌላ ክፍል ለተኙት አባት 2.4 ጊጋኸርዙ ይመረጣል። መብራት ሲጠፋ ዋይፋዩን ለተወሰነ ሰዓት የሚያቆይ አነስተኛ ባትሪ ማዘጋጀትም ተገቢ ነው። ሁሉም ከጠፋ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ ሬዲዮ አለች፤ አንናቃት።

መንገደኛውስ? ከደሴ ተነስቶ በውጫሌ፣ በውርጌሳ፣ በመርሳና በሲሪንቃ አድርጎ ወልድያ የሚገባ ሰው መኪናው ሲሄድ ስልኩ ከአንዱ ማማ ወደ ሌላው ይሸጋገራል። ሸለቆ ሲገባ ይደክማል፤ ዳገት ሲወጣ ይነቃል። የቀጥታ ምስል በዚህ መንገድ ላይ ይቆራረጣል፤ ዳታውም ይባክናል። ዳዕዋውንና መንዙማውን ማታ በዋይፋይ ከቴሌግራም አውርዶ መጓዝ ግን ለማንም ይቻላል። ወሎ የመንዙማ አገር ነው፤ ለመንገድ የሚሆን ስንቅ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን አጥብቀን እናሳስባለን። በስልክ በሚታይ የቀጥታ ስርጭት ሰዓት አይያዝ። የኢንተርኔት ስርጭት ከእውነተኛው ሰዓት ግማሽ ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊዘገይ ይችላል፤ ቆሞ ከቀጠለ ደግሞ ይብስበታል። የመካም አዛን የእኛ አዛን አይደለም። የግድግዳ ሰዓታችን ከሳዑዲ ጋር አንድ ቢሆንም መካ ከእኛ በስተሰሜን በመሆኗ ረመዳን በየካቲት ሲውል ፀሐይ እዚያ በደቂቃዎች ቀድማ ትጠልቃለች። የመካን መግሪብ ሰምቶ ቴምር ያነሳ ሰው ሳያውቀው ቀድሞ ሊያፈጥር ነው። ማፍጠሪያችን የሰፈራችን ሙአዚን ድምፅ ይሁን።

በመጨረሻም ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አገልግሎት የሚሰጡ ሁሉ በረመዳን ማታ የሚጨምረውን ተጠቃሚ አስቀድመው ይቁጠሩት፤ ለጥገና የሚቋረጥ መስመር ካለም ከተራዊህ ሰዓት ውጭ ያድርጉት። እኛ ደግሞ ጎረቤት እንሁን። ዋይፋይ ያለው ቤት ለብቻቸው የሚኖሩትን አዛውንት ያስታውስ፤ ወጣቱ ወደ መስጂድ ከመውጣቱ በፊት አምስት ደቂቃ ወስዶ ሪሲቨሩን ከፍቶ፣ ቻናሉን አስተካክሎ፣ ሪሞቱን እጃቸው ላይ አስቀምጦ ይሂድ።

ይህ አምስት ደቂቃ ብር አያስወጣም። ኢማሙ ዱዓ ላይ ሲደርሱ ግን የእኒያ አባት እጅ እንደተዘረጋ አይቀርም፤ «አሚን» ይላሉ። ረመዳን ሙባረክ።